ፊትህን የለካችው ሴት

ሁሩታ፣ ኅዳር 15 ቀን 1921 ዓ.ም.

ይድረስ ለባሌ ለሰብስቤ፣ አዳማ፣ ከግሪኩ ወፍጮ ቤት።

እኔም አባቴም አለን። የአባቴ ዓይን አልተሻለም፤ ሰው የሚለዩት በድምፅ ሆኗል። ደጅ ላይ ኮቴ በተሰማ ቁጥር «ሰብስቤ ነህ?» ይላሉ፤ እኔም «ገና ነው» እላቸዋለሁ። አንተ ከሄድህ ወዲህ በዚህ ቤት የሚነገረው ነገር ይኸው ብቻ ነው።

«አፍና አፍንጫዬን የማስርበት አሮጌ የጋቢ ቁራጭ ላኪልኝ» ያልኸው ደርሶኛል። አሮጌ አልልክም። አባቴ መሪጌታው ልጃቸውን ፊደል ያስቆጠሯት ባሏን በቡትቶ ጠቅልላ ሰው ፊት እንድታቆም አይደለም። የእንዝርቴን ሥራ ታውቀዋለህ። የሠርጋችን ጋቢ ከሸማኔ ቤት የወጣ ቀን የሁሩታ ሴት ሁሉ ጫፉን በጣቷ እያሸች ዝም ያለችው ወዳ አልነበረም። እናቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ባል የሌላ ሴት ፈትል የለበሰ ቀን ቤቱ ሳይዘጋ ያደረ ነው ትል ነበር። እኔም የእርሷ ልጅ ነኝ። ስለዚህ አዲሱን ነጠላዬን ከመሀሉ ቀድጄ እኩሌታውን ልኬልሃለሁ። ጥለቱ ያለበት ጎን ወደ ውጭ ይሁን፤ የሚያይህ ሰው ሚስት እንዳለህ ይወቅ።

አንድ ነገር ግን አልገባኝም። የወፍጮ ቤት ሥራ ዱቄት ነው። ዱቄት ደግሞ ከልጅነታችን ጀምሮ ስንተነፍሰው ኖረናል። አፍ ማሰርን ምን አመጣው? ሁለቱ በሬዎቻችን «ደስታ» በሚሉት የከብት በሽታ ባያልቁ ኖሮ አንተም እዚያ ባልሄድህ፣ እኔም እዚህ ሆኜ ይህን ባልጠየቅሁ።

ደግሞስ ልብስህን ማን ያጥብልሃል? ባለፈው ጠይቄህ ዘለልኸው።

ይህን የያዘልህ ጎረቤታችን ሰንበታ ነው፤ ከእንግዲህ ለግሪኩ እህል በጫነ ቁጥር ደብዳቤያችንን ያመላልሳል። በአህዮቹ መሀል ሲሄድ ወሬም አብሮ ስለሚጭን አንተ የደበቅኸውን እርሱ ያራግፍልኛል። ስለዚህ ለመደበቅ አትድከም።

አበዛሽ

—

አዳማ፣ ታኅሣሥ 22 ቀን 1921 ዓ.ም.

ለቤቴ እመቤት ለአበዛሽ፣

መቆየቴን ይቅር በይኝ። ሰንበታ ሁለት ጊዜ ሲመለስ ባዶ እጁን ሰደድሁት፤ ሥራ በዝቶብኝ ነው። ነጠላሽ ደርሶኛል። አፌ ላይ ከማሰሬ በፊት ብቻዬን ቁጭ ብዬ አሸተትሁት፤ የቤታችን ሽታ ነበረበት።

ዱቄት ብቻ ከሆነ ምን አፍ ያሳስራል ላልሽኝ፣ ዱቄት ብቻ አይደለም። ይህ ወፍጮ በሞተር የሚዞር ነው፤ አንዱን ድንጋይ ለማንሣት ብዙ ሰው ይጠራል። እህል እየፈጨ ፊቱ ሲለሰልስ ይነሣና እንደ እናትሽ ወፍጮ በመውቀሪያ ይወቀራል። ያን ሥራ የያዘው መርጋ የሚባል የመቂ ሰው ነበር፤ ወደ አገሩ ሄዷል። ሙሴ ያኒ፣ የወፍጮው ጌታ፣ ቦታውን ለእኔ ሰጠኝ። ክፍያው ይሻላል፤ በሬውን ያቀርብልናል ብዬ ተቀበልሁ። አቀርቅሬ ስወቅር ከድንጋዩ የሚነሣው ብናኝ ከዱቄት የላመ ነው። ጥላ ውስጥ ዓይን አያየውም፤ በመስኮት ፀሐይ ሲገባ ብቻ አየሩን ሞልቶት ይታያል። ሥራዬን ጨርሼ ስተፋ አክታዬ የድንጋዩን መልክ ይዞ ይወጣል።

ነጠላሽ እውነቱን ልንገርሽና ብናኙን አልያዘልኝም። ለዓይን የሚያምረው ስስ ስለሆነ ነው፤ ስስነቱ ደግሞ እዚህ አልጠቀመኝም። የራሴን ጋቢ አጥፌ ባስረው አፈነኝ። ትንፋሽ ሲያጥረኝ ወደ አገጬ አወርደዋለሁ፤ ያን ጊዜ ጭራሽ ይብሳል። መላ እፈልጋለሁ።

ልብሴን የማጥበው ራሴ ነኝ። የተቀደደውን ግን ከባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት የስፌት መኪና ያላት ሴት አለች፤ እርሷ ትጠቅመዋለች። ለወፍጮው የዱቄት ከረጢት የምትሰፋም እርሷ ናት። ዘሃራ ትባላለች። ባሏ የየመን ሰው፣ ልብስ ሰፊ ነበር፤ ሞቶባታል። ሌላ ወሬ የለም።

የአባታችንን ጉልበት ሳሚልኝ።

ሰብስቤ

—

ሁሩታ፣ ጥር 28 ቀን 1921 ዓ.ም.

ይድረስ ለአቶ ሰብስቤ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎን ከሰንበታ ስለሰማሁ መልሱን አይድከሙበት። ከጤናም አልፈው ወጣት ሆነዋል አሉ።

አዎን፣ አንቱ ያልሁህ አውቄ ነው። እኔ ፊቱ የተላጨ ባል የለኝም፤ ለማያውቁት ሰው ደግሞ አንቱ ማለት ያባቴ ትምህርት ነው። ኧረ ይቅር፣ አንቱታውም ሰለቸኝ፤ ለመቆጣት አይመችም።

ሰንበታን እንደ ደንቡ እንዴት አገኘኸው አልሁት። «ነጋ ዳ» አለኝ። ሰላም ነው ማለቱ ነው፤ ቀጥሎ የነገረኝ ግን ሰላም አልነበረም። ባልሽን ዘሃራ ደጅ ዱካ ላይ ተቀምጦ አየሁት አለ። ፊትህን ወደ ላይ ቀና አድርገህ፣ እርሷ ክር ይዛ ከአንዱ ጆሮህ ወደ ሌላው ጆሮህ በአፍንጫህ ላይ እየሳበች ትለካህ ነበር አለ። ጺምህ የለም አለ። አፍህ ላይ የምታስረው የእርሷ ጨርቅ ሆኗል፣ ጨርቁም ላይ ቀይ ክር አለበት አለ። የምን ምልክት ነው ብለው እርሱም አያውቅም። እኔ ግን አንድ ነገር አውቃለሁ፤ የእኔ ጥለት ተፈትቶ የእርሷ ክር ታስሯል።

ቆንጆ ናት ወይ ብዬ ጠየቅሁት። «በሬዱ» አለና ወዲያው ምላሱን ነክሶ አህያ መጫን ጀመረ። ይህን ያህል ኦሮምኛ ደግሞ አውቃለሁ።

እኔ ፊትህን በክር ለክቼው አላውቅም፤ ላገባህም መለካት አላስፈለገኝም። አባቴ ዘንድ ዳዊት ስትደግም በመጋረጃ ቀዳዳ ሳይህ ጊዜ ያ ጺም ገና ማቆጥቆጡ ነበር። ያደገው በእኔ ቤት ነው። ሲላጭ እኔን የሚጠይቀኝ ሰው አልነበረም?

ዕድሜዋ ስንት ነው? ልጆች አሏት? ከቤቷ ምን በልተሃል፣ ምን ጠጥተሃል? ባሏ የሞተው መቼ ነው? ለየአንዳንዱ መልስ እፈልጋለሁ፤ እንደ ልማድህ አንዱን መልሰህ አንዱን አትዝለል።

አባቴ «ልጄ ሆይ፣ ቁጣሽን አሳድሪው» ብለውኝ አሳድሬው ነበር። ጠዋት ስነሣ ጨምሮ አገኘሁት።

አበዛሽ

—

አዳማ፣ የካቲት 19 ቀን 1921 ዓ.ም.

አበዝዬ፣

ደብዳቤሽን የከፈትሁት ሙሴ ያኒ አጠገቤ ቆሞ ሳለ ነው። ፊቴ ሲለዋወጥ አይቶ «ሰው ሞተ?» አለኝ። የለም፣ ሚስቴ ናት አልሁት። አንገቱን ነቅንቆ ትቶኝ ሄደ።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ ላስረዳሽ። ነጠላሽን አፌ ላይ እንዳሰርሁ ከረጢት ልቀበል ሄጄ ዘሃራ አየችኝና ሳቀች። «ዱቄት የማያፈስ ጨርቅ ስመርጥ ነው የኖርሁት፤ ወደ ውጭ የማያፈስ ወደ ውስጥም አያስገባም» አለችኝ። ኩራዝ አበራችና በየጨርቁ ውስጥ እንድነፋበት አደረገችኝ። በነጠላሽ ስነፋ እሳቱ ወዲያው ጠፋ። በታጠፈ ጋቢ ስነፋ እሳቱ ንቅንቅም አላለም፤ የእኔ ዓይን ግን ፈጠጠ። ከዚያ አቡጀዲ አመጣች፤ ታጥቦ ድርቀቱ የለቀቀ፣ ድርና ማጉ ጥቅጥቅ ያለ። በሦስት ደርባ ስትሰጠኝ እሳቱ ጎንበስ አለ እንጂ አልጠፋም፤ እኔም ሳልጨነቅ ተነፈስሁ። በዚሁ ተስማማን።

መለካቱ ደግሞ እንዲህ ነው። ጨርቁ ምንም ቢያምር ጠርዙ ከተከፈተ ከንቱ ነው፤ ብናኙ የሚገባው በመሀል ሳይሆን በአፍንጫ ግራ ቀኝና በጉንጭ በኩል ነው። በክር የለካችኝ ለዚያ ነው። አፍንጫው ላይ ቀጭን ሽቦ ሰፍታበታለች፤ በሁለት ጣቴ ስጫነው ፊቴ ላይ ይቀመጣል። ማሰሪያዎቹ አራት ናቸው፤ ሁለቱ በአናቴ፣ ሁለቱ በማጅራቴ ይታሰራሉ። ጺሜ ግን ጨርቁን ከቆዳዬ እያራቀ በሥሩ ለብናኙ መንገድ ያበጅለት ነበር። የተላጨሁት ለጨርቁ ነው፣ ለሰው አይደለም። ቀዩ ክር የውጭውን ፊት ማሳያ ነው፤ ገልብጬ ባስረው ጨርቁ የያዘውን ብናኝ መልሼ ራሴ እስበዋለሁ። ሁለት ሰፍታልኛለች፤ አንዱ ታጥቦ ፀሐይ ላይ ሲውል ሌላውን አስራለሁ። ሠራተኛው ልጓም ይለዋል፤ ባለፍሁ ቁጥር «ሣር ስጡት» ይላሉ። ይበሉ።

አክታዬ ነጭ ሆኗል። ከሁሉ በፊት ይህን እንድትሰሚልኝ ነበር ፍላጎቴ።

ዕድሜዋን ጠይቀሽኛል፤ እኔ አልጠየቅኋትም። ልጅ የላትም። ከቤቷ ከውሃ በቀር አልቀመስሁም። መልኳን ሰንበታ ነግሮሻል።

ያንቺንም ሥራ አይታለች። ነጠላሽን በጣቷ አሽታ «ሚስትህ ፈታይ ናት፤ እጇ ያምራል፤ ለዚህ ሥራ ግን አይሆንም» አለች። ምስጋና ስለሆነ ጻፍሁልሽ።

ሰብስቤ

—

ሁሩታ፣ መጋቢት 12 ቀን 1921 ዓ.ም.

ሰብስቤ፣

«እጇ ያምራል፤ ለዚህ ሥራ ግን አይሆንም።» ይህችን ቃል ስፈትል ሰማኋት፤ ሳቦካ ሰማኋት፤ ቅዳሴ ቆሜም ሰማኋት። ለማመስገን ብለህ ጻፍኸው። አንተ እንደዚህ ያለ የዋህ ሰው ነህ፤ ለዚህ ነው ብቻህን ልተውህ የማይገባኝ።

ቀናሁ። ምን እደብቃለሁ? የኩራዙንም፣ የጠርዙንም፣ የሽቦውንም ነገር ደጋግሜ አነበብሁት፤ እውነት እንደሆነም ገብቶኛል። ሲገባኝ ግን ባሰብኝ። ውሸት ቢሆን ኖሮ ተቆጥቼ ይወጣልኝ ነበር። ቀኑን ሙሉ አፍህ የሚነካው እርሷ የቆረጠችውን ነው፤ የምትስበው ትንፋሽ ሁሉ በእርሷ ስፌት አልፎ ይገባል። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ትል ይሆናል። እኔ ዘመድህ አይደለሁም፣ ሚስትህ ነኝ።

ይኸው የእኔን ልኬልሃለሁ። ጥጡን ራሴ ነድፌ፣ ክሩን አጥብቄ ፈትዬ፣ ሸማኔው ጠበቅ አድርጎ እንዲመታው እስኪጨርስ አጠገቡ ተቀምጫለሁ። እኔም በሦስት ደርቤዋለሁ፤ መደረብ የምታውቅ እርሷ ብቻ አይደለችም። ማሰሪያም አለው። ልክህን ከማንም አልጠየቅሁም፤ ዓይኔን ጨፍኜ በእጄ አየር ላይ ለካሁት፤ ጉንጭህን፣ ጺምህን፣ አገጭህን እጄ ያውቀዋል።

አሁን የምጽፈውን ቆመህ አንብብ። በቅዱስ ገብርኤል ገዝቼሃለሁ። ከዛሬ ጀምሮ የዚያች ሴት ጨርቅ ፊትህን አይንካ። የምታስረው የእኔን ብቻ ይሁን። ጺምህንም እንደ ነበረ አሳድገው።

አባቴ የጻፍሁትን ሳነብላቸው «ግዝት እንደ ድንጋይ ነው፤ ከእጅ ከወጣ የሚያርፍበት አይታወቅም» አሉኝ። ሆኖም ቀለሙ ደርቋል።

አበዛሽ

—

አዳማ፣ ሚያዝያ 3 ቀን 1921 ዓ.ም.

አበዝዬ፣

የገብርኤል ስም ከተጻፈበት ወረቀት ጋር ምን ክርክር አለኝ? እንዳዘዝሽኝ ቆሜ አነበብሁት። ሁለቱን ጨርቆች አጥቤ አጥፌ ለባለቤቲቱ መለስሁላት። «ምን በደልሁ?» አለችኝ። በታቦት ስም የታሰረ ነገር ነው፣ ልጥሰው አልችልም አልኋት። የማይጣስ ቃል እኛም ዘንድ አለ ብላ ተቀበለችኝና ወደ መኪናዋ ተመለሰች።

ይህን ያንቺን አስሬ እየሠራሁ ነው። ስለ ልኩ ጽፈሻልና፣ ሰፋ ይላል። አንቺ የለካሽው ጺም የነበረውን ፊት ነው። ጺሜ ሲያድግ ይሞላዋል ብዬ ነበር፤ አሁን አድጓል፤ መሙላቱን ግን እንጃ። ለስላሳ ነው፤ ሲረጥብ ክሩ ላላ ይላል፤ ስስብም የጥጡ ጭፍርፍር አፌ ይገባል። ይህን የጻፍሁት ለወቀሳ አይደለም።

ጤናዬ ደህና ነው። ጾሙ ስለረዘመ ትንሽ ከሳሁ። ሙሴ ያኒም ደህና ነው፤ ባቡሩም በጊዜው ይመጣል። የአዳማ ነፋስ ዘንድሮ ከወትሮው አይሏል፤ የመንገዱ አቧራ ከወፍጮው ብናኝ ጋር ግቢው ውስጥ ይደባለቃል። ሌላ የምጽፍልሽ የለኝም።

ሰብስቤ

—

ሁሩታ፣ ግንቦት 8 ቀን 1921 ዓ.ም.

ለሰብስቤ፣

ፋሲካን ያለ አንተ ፈሰክን። አባቴ የመጀመሪያውን ጉርሻ «ለሰብስቤ» ብለው አስቀመጡት፤ በኋላ ድመቷ በላችው።

ጨርቁን መመለስህን ሳነብ ደስ አለኝ። አልዋሽህም፣ እርሷ ትንሽ አሳዘነችኝ፤ ደስታዬ ግን ከሐዘኔ ይበልጥ ነበር። ለሁለት ሳምንት ያህል በሰላም ተኛሁ።

ከዚያ ሰንበታ መጣ። አገኘኸው? አገኘሁት። እንዴት ነው? «ነጋ ዳ»። ሌላስ? ሌላ የለም ብሎ አህዮቹን ሊያጠጣ ወረደ። ሰንበታ፣ የአንዱን ቤት ወጥ ጨው በዝቶበታል ብሎ ለሌላው ቤት የሚነግር ሰው፣ ዓይኔን ሳያይ ሄደ። ሚስቱም እኔን ስታይ ወሬ ትቀይራለች። ደብዳቤህን ለአባቴ ባነብላቸው «አጠረች፤ የሰብስቤ ደብዳቤ እንዲህ አጭር አልነበረችም» አሉ።

ወሬኛ ዝም ሲል አንድ ነገር አለ። እኔ የጠረጠርሁትን ልንገርህ። ቀን ቀን የእኔን አስረህ ትታያለህ፤ ሰው ዞር ሲል ደግሞ ወደ እርሷ ትሄዳለህ። ሰንበታ ደርሶባችኋል፤ ለመንኸው፤ እርሱም ለእኔ አዝኖ ዝም አለ። እንዲህ ካልሆነ ምን የሚደበቅ ነገር አለ? ምን አደረግሁህና ሁለታችሁም ዓይኔን ትሸሻላችሁ?

ተሳስቼ እንደሆነ በአንድ መስመር ጻፍልኝ። ካልተሳሳትሁም በአንድ መስመር ጻፍልኝ።

አበዛሽ

—

አዳማ፣ ግንቦት 25 ቀን 1921 ዓ.ም.

አበዛሽ፣

ተሳስተሻል። ግዝቱን አልጣስሁም፤ የዘሃራ ጨርቅ ከዚያን ቀን ወዲህ ፊቴን አልነካም። ሰንበታን ዝም በል ያልሁት እኔ ነኝ። ሳሉ ጉንፋን ነው።

እርሷ ራሷ በወፍጮው በር ስታልፍ ስስል ሰምታ ቃሉ የሚፈታው እንዴት ነው ብላ ጠየቀችኝ። ያሰረችው ካልፈታችው አይፈታም አልኋት። ጻፍላት አለችኝ። እኔ ግን ይህን የምጽፈው ለመለመን አይደለም፤ ስለጠየቅሽኝ ነው። እርሷ ያንቺን ፊደል ስለማታነብ ደብዳቤሽን ሳነብ ቆማ ታየኝ ነበር።

በሬው ለመስከረም ይደርሳል። አባታችን ሲጠይቁሽ ገና ነው በያቸው።

ሰብስቤ

—

ሁሩታ፣ ሰኔ 9 ቀን 1921 ዓ.ም.

ሰብስቤዬ፣

ስለ የትኛው ሳል እንደምትነግረኝ ነው ያልገባኝ። እኔ ስለ ሳል አልጠየቅሁህም ነበር።

ደብዳቤህን እንደያዝሁ ሰንበታ ቤት ሄድሁ። በሩ ላይ ተቀመጥሁና ካልነገርኸኝ አልነሣም አልሁት። ሚስቱ አለቀሰች፤ ያኔ እርሱም ተናገረ። የትከሻህ አጥንት ወጥቷል አለ። ከወፍጮው እስከ በሩ ለመድረስ መሀል ላይ ግድግዳ ትደገፋለህ አለ። መርጋ ወደ አገሩ የሄደው ደህና ሆኖ አይደለም፤ ልክ እንደ አንተ እየሳለ በቃሬዛ ነው የሄደው፣ መቂም ተቀበረ አለ። አንተ ይህን ከመጀመሪያው ታውቅ ነበር። ታውቅ ስለነበር ነው ጨርቅ የፈለግኸው። እኔ ደግሞ የማውቀው ስለ ክር ብቻ ነበር።

ሌላ ሴት ይዘህ ቢሆን ኖሮ ይሻለኝ ነበር። ይህን ቃል እኔ እጽፈዋለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም።

የነፍስ አባቴን አባ ኃይለየሱስን አስጠርቼ ሁሉን ነገርኋቸው። «ገብርኤል እሳት የሚያበርድ መልአክ ነው፤ አንቺ ባልሽን ልታቃጥይበት ጠራሽው» አሉኝ። ቀኖናዬን ሰጡኝ፤ እየሰገድሁ ነው። ግዝቱን በእኔ አፍ አስፈቱኝ፣ እርሳቸውም ጸሎት አድርገው ፈቱት። ስለዚህ አሁን የታሰርህበት ነገር የለም። ጺምህን ተላጭ። የእኔን ጨርቅ ወደ እሳት ጣለው፤ አትዘንልኝ።

በሬ ይቅር። ድንጋዩን ዛሬ ለሙሴ ያኒ ተውለት። መምጣት ግን እንደማትችል አውቃለሁ፤ ሰንበታ አዋሽ እየሞላ ነው፣ ከክረምቱ በፊት ይህ የመጨረሻ ጉዞዬ ነው ይላል፤ በዚያ ደረት ደግሞ በእግርህ አትሞክረው። እኔም አባቴን ለማን ጥዬ እመጣለሁ? የምታድረውም እዚያው ወፍጮው ግቢ ነው፤ እስከ መስከረም ከዚያ መውጫ የለህም፤ ብናኙ ደግሞ ግቢውን ሁሉ ይዞታል። ድንጋዩን ብትተውም ያለ ጨርቅ አትውጣ፣ ያለ ጨርቅ አትግባ።

ሌላ ደብዳቤ ከዚህ ጋር አለ። ለዘሃራ ነው። ፊደል ስለማታነብ የምታነብላት አንተ ነህ።

አበዛሽ

—

ሁሩታ፣ በዚሁ ቀን

ለወይዘሮ ዘሃራ፣

እኅቴ ብዬ ልጀምር ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። ስለዚህ በማዕረግ ጠራሁሽ፤ ለጊዜው ይህን ተቀበይኝ።

ይህን የሚያነብልሽ ሰብስቤ ነው። ሰብስቤ፣ አንዲት ቃል ሳትዘል አንብብላት። የምታፍርበት ቦታ ይመጣል፤ እርሱንም አንብብ።

ወይዘሮ ዘሃራ፣ እኔ ቀናተኛ ሴት ነኝ። ስምሽን ከሰማሁ ወዲህ እህል በደንብ አልወረደልኝም። ሰንበታ ቆንጆ ናት ያለኝ ቀን ከጎረቤት መስተዋት ተውሼ ራሴን አየሁ። አንቺን ሳላይሽ ጠላሁሽ፤ እጅሽን በተለይ ጠላሁት። ባልሽ ሞቶብሽ ብቻሽን እንደምትኖሪ ባሌ ሲጽፍልኝ ያዘንሁልሽ አይምሰልሽ፤ የፈራሁት ያንን ነው። ያንቺን ጨርቅ ከፊቱ ያስወለቅሁት ጨርቁ ክፉ ስለሆነ አልነበረም። ደህና ስለሆነ ነበር።

አሁን የምለምንሽ ይህ ነው። ጨርቁን መልሽለት። ቀድደሽው እንደሆነ ሌላ ስፊለት። ፊቱ ከስቷል ብለውኛል፤ የድሮው ልክ አይሆነውምና እንደገና ለኪው። በአፍንጫው ላይ፣ በጉንጩ፣ በአገጩ ሥር ለኪው። ክር ብቻ ካልበቃሽ በእጅሽ ዳብሰሽ ለኪው። እጁ ተንቀጥቅጦ ጺሙን መላጨት ካልቻለ ላጪው። ጠርዙ የተከፈተበት ቦታ እንዳይቀር ቀረብ ብለሽ እዪው። ሲደክመው አውልቆ አገጩ ላይ ያወርደዋልና ተቆጪው፤ ለእኔ መቆጣት ርቆብኛል።

ይህን ስጽፍ ደስ ብሎኝ አይደለም። እጅሽ ፊቱ ላይ ሲያርፍ እዚህ ሁሩታ ሆኜ ያመኛል። ዛሬም እቀናለሁ፤ እስከ መስከረምም እቀናለሁ። እርሱ ይተንፍስልኝ እንጂ እኔን ይመመኝ።

ሲያነብልሽ ሳሉ ካቋረጠው አትቸኩይበት። ውሃ ስጪውና እስኪጨርስ ጠብቂው። ሲጨርስ ወደ ወፍጮው አይመለስ፤ እዚያው አስቀምጪውና መለካት ጀምሪ።

የሰብስቤ ሚስት፣
አበዛሽ